እንግዳው የዘገዩባት አርብ

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ተወልዶ ያደገ ሰው የገበያውን ቀን ሰዓት ለማወቅ ፀሐይን አያይም፤ ባለ እጆቹን ያያል። ከገበያው ጥግ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት ወንዶች ወናፋቸውን ሲፈቱ፣ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ያልተሸጠውን ድስት በሣር እየጠቀጠቁ ሲያስሩ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ቀኑ ሄደ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የደነዘ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ገበሬ ቢለምንም ቢቆጣም ሰሚ የለውም። ባለ እጆቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዝ ወርደው መታጠብ፣ እሳታቸውን ማጥፋትና ቅዳሜን በንጽሕና መቀበል አለባቸው።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው ይጠራሉ። ሌላው ሰው ፈላሻ ይላቸዋል፤ ከዚያ የባሰ ስም የሚያወጣላቸውም አለ። ልጅ ሲታመም «ዓይናቸው አርፎበት ነው» የሚል ጎረቤት እኔም ሰፈር አልጠፋም። ያው ጎረቤት ግን ሰኔ ሲገባ ማረሻውን ለማሳል ከሁሉ ቀድሞ እነሱ ዘንድ ይሰለፋል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ዛሬ በዩኒቨርስቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን ደብረ ታቦር ላይ ጨርሼ ወደ ወላጆቼ ቤት የተመለስኩ፣ ውጤቷን የምትጠብቅ ልጅ ነበርሁ። አባቴ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለ ሆነ ሐሳቡ እኔን ባንክ ቤት ማስገባት ነበር። እኔም ሐሳብ አልነበረኝም ብል ይቀላል። አስተማሪ ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል፣ አባቴ ሲስቅ ደስ ይለኛል፤ ያዘዙኝን በደንብ መሥራት እንጂ የራሴ የምለው ምኞት አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን በቁጥር አነስተኛ የሆኑትንና ርስት የሌላቸውን ወገኖች ኑሮ የሚያሻሽል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ እኛ አገር ሠራተኞች ላከ። ከሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ጋር የምትነጋገር የአገሩ ተወላጅ ፈለጉና እኔን ለክረምቱ ቀጠሩኝ። ሥራዬ ከገበያው ቁልቁል፣ በወንዙ ዳር ወዳለችው የቤተ እስራኤል መንደር እየወረድሁ የሚያስፈልጋቸውን መጠየቅ ነበር። የሚያስፈልጋቸው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ መሬት።

የሰፈሩበት መሬት የግራዝማች ነው። ግራዝማች የአካባቢው ትልቅ ባለ ርስት ናቸው። በዚያ ዓመት «መስከረም ሲጠባ ቦታዬን ልቀቁ፤ ለከብቶቼ መስክ አደርገዋለሁ» ብለዋቸው ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከወንዙ ማዶ ሰፊ የመንግሥት መሬት አገኘላቸው። በዚያ ላይ ቤት እንዲሠሩ፣ የብረትና የሸክላ መሥሪያ አዳራሽና የልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆምላቸው ታሰበ። ዳሩ ግን የመሥሪያ ቤቱ ደንብ አንድ ነገር ያዛል፤ የአካባቢው ሰው በጉርብትና ካልተቀበላቸው መሬቱ አይሰጥም። ሌላ ቦታ ላይ እንዲሁ ሰፍረው ጠብ ተነሥቶ ያውቃል አሉ። ግራዝማችም ይህን ሰምተው «ሕዝቡ አይፈልጋቸውም» ብለው አመለከቱ። ያ የማዶ መሬት እስከዚያ ቀን ድረስ የእሳቸው በሬዎች ሲግጡበት የኖሩት ነው።

ስለዚህ ነገሩን በዓይናቸው አይተው የሚወስኑ አቶ ጌታሁን የሚባሉ የበላያችን ከአዲስ አበባ እንዲመጡ ተወሰነ። አርብ ይምጡ ያልሁት እኔ ነኝ። ገበሬው ባለ እጆቹን ከቦ ሲጋፋ ካዩ ሌላ ምስክር ምን ያስፈልጋል?

በቀጠሮው አርብ ከጧት ጀምሮ በአያ አድማሱ ምድጃ አጠገብ ቆምሁ። አያ አድማሱ የመንደሩ አንጋፋ አንጥረኛ ናቸው፤ ክንዳቸው እንደ ወይራ ግንድ ጠንካራ፣ ንግግራቸው ለስላሳ ነው። ከፊታቸው የተቀመጠው አያ ሞላ ደግሞ የኛ ቤት ጎረቤት የሆነ፣ ቀጭንና ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ ነው።

«አንተ አድማሱ፣» ይላል አያ ሞላ፣ «እንደዚህ ቀስ እያልህ ስትመታው ማረሻዬ ሳያልቅ ጤፍ ይደርሳል።»

«ድንጋይ ለድንጋይ እየነዳህ የምትሰብረው አንተ፣ የምሰደበው እኔ!»

«እኔ ምን ላድርግ? መሬቴ ድንጋይ ነው። እንዲያው ሰዎች ይበላሃል ይሉኛል እንጂ ስንት ዘመን አጠገብህ ስቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አልበላኸኝም።»

«ምንህ ይበላል? አጥንት ብቻ ነህ!»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። አያ ሞላም ከሁሉ በላይ ሳቀ። ማረሻው ሲያልቅ አያ አድማሱ ድንጋይ ላይ አኖሩለት፤ እሱም ከድንጋዩ ላይ አነሣው። ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። ቤተ እስራኤል ከሌላ ሰው ጋር ከተነካኩ ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም፤ ይህንም ገበሬው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይቀየምበትም።

ይህን ሁሉ እያየሁ «ምነው አሁን በደረሱ!» እላለሁ። መንገዱን አያለሁ፤ መኪና የለም። ቀትር ሆነ፤ የለም። በስተ ምሥራቅ ደመናው ጠቆረ፣ ነጎድጓዱም ከወደ ስማዳ በኩል ያጉረመርም ጀመር። ገበሬው ዝናቡን ፈርቶ አህያውን ይጭን ገባ። ከዚያ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አያ አድማሱ ወናፋቸውን ሲፈቱ አየሁ።

«አያ አድማሱ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ጥቂት ይቆዩ! እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው።»

«ልጄ፣ ፀሐይዋን አየሻት?»

«ነገሩ የመሬታችሁ ነገር እኮ ነው!»

«የማን ነገር እንደ ሆነማ አጣሁት? መሬት የለኝም እንጂ ሰንበት አለኝ። እሱን ሰጥቼ መሬት ብቀበል ምን ላይ ቆምሁ?» አሉና ወናፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ። ሚስታቸው እቴ ትርንጎ ድስቶቿን በጀርባዋ አዝላ ስታልፍ «አይዞሽ፣ ፊትሽን አታጥቁሪው» አለችኝ። እኔ ላጽናናቸው ሲገባ እነሱ ያጽናኑኛል!

መኪናዋ የመጣችው ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ነው። እስከ ጣሪያዋ ጭቃ ለብሳለች፤ ወንዝ ሞልቶባቸው ሲጠብቁ ውለዋል። አቶ ጌታሁን ወርደው ገበያውን አዩት። ያዩት የአህያ ፋንድያና የተረገጠ ሣር ነበር።

«ገበያው የታለ?»

«ተበተነ ጌታዬ።»

«አንጥረኞቹስ?»

«ወደ መንደራቸው ወረዱ።»

«እንግዲያው እንሂድ። እሳት ያንድዱና ሥራቸውን ልይ።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ እሳቸው ግን እየፈጠኑ ቁልቁለቱን ይዘውት ነበር። መንደሩ ጫፍ ስንደርስ አያ አድማሱ ከወንዝ ወጥተው፣ ጠጉራቸው ውኃ እያንጠባጠበ፣ ነጭ ልብስ ለብሰው አገኘናቸው። አቶ ጌታሁን ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አያ አድማሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹና እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። የተዘረጋው እጅ በአየር ላይ ቀረ።

አቶ ጌታሁን ፊታቸው ተለዋወጠ። አያ አድማሱም አይተውት ኖሮ፣ «ጌታዬ፣ እጅዎን ንቄ አይደለም። አሁን ከነኩኝ ተመልሼ መታጠቤ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የሐምሌ ወንዝ ነው» አሉ።

አቶ ጌታሁን ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው፤ እጃቸውንም ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «መልካም። እኔ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት ሥራችሁን ለማየት ነው። ጥቂት እሳት ብታነድዱልኝስ?»

«ሰንበት ገባ፣ ጌታዬ።»

«ለእናንተው ጉዳይ እኮ ነው!»

«እግዜር ይስጥልን። ሰንበት ገባ።»

ይህን ስንባባል ግራዝማች በበቅሎ ደረሱ። እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ሊጋብዙ ነው። «ጌታው፣ ደክሞዎታል፤ ራት ተሰናድቷል። እነዚህ ሰዎች ለእንግዳ ክብር እንደሌላቸው እንግዲህ አዩልኝ። ሕዝቡም የሚያማርረው ይህንን ነው» አሉ። አቶ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሩና «ነገ በጧት ወንዙ ሳይሞላ እነሣለሁ። ባዶ ገበያና ጨለማ መንደር ነው ያየሁት። ያላየሁትን አየሁ ልል አልችልም፤ ገባሽ?» አሉኝ።

ገብቶኛል። ጉዳዩ ለከርሞ ይተላለፋል ማለት ነው። ከርሞ ደግሞ እነ አያ አድማሱ በየአገሩ ተበትነዋል።

በሕይወቴ ለትልቅ ሰው «እሺ ጌታዬ» ሳልል ስቀር ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። «ጌታዬ፣ ሳይሄዱ ነገ በዚህ በኩል ይለፉ» አልሁ።

«ነገ እሳት የለም አላችሁ።»

«እሳቱን አያዩም። ሰዎቹን ያያሉ። ቅዳሜያቸውን ያያሉ።»

«ቅዳሜ አይቼ ምን ልወስን?»

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። ግን ይለፉ።»

ግራዝማች በልጅነቴ ሳቁ። አቶ ጌታሁን ግን «እሺ፣ ለጥቂት ጊዜ» አሉና ወደ ግራዝማች ቤት ሄዱ።

ቤቴ ስገባ እናቴ እሳት ዳር ናት፤ አያ ሞላም ዝናብ ያበሰበሰውን ደበሎውን ያደርቃል፤ ጠላ ተቀድቶለታል። እንባዬ ቀድሞኝ ወረደ። የሆነውን ሁሉ ለእናቴ ነገርኋት፤ እጅ መዘርጋቱን፣ የግራዝማችን ንግግር፣ «ሕዝቡ አይፈልጋቸውም» መባሉን።

«ማነው ሕዝቡ?» አለ አያ ሞላ።

«እኔ ምን አውቄ፣ አያ ሞላ። ሕዝቡ ነዋ!»

«እኔ አለሁበት?»

«ይኖሩበት ይሆናል።»

አያ ሞላ ጠላውን አየት አደረገው፤ ሳይጨርሰው አስቀመጠው። አያ ሞላ ጠላ ሲያስተርፍ አይቼ አላውቅም። ደበሎውን ርጥቡን እንደ ለበሰ ወጣ። እናቴ «ምን ነካው?» አለች።

በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ወደ መንደሩ ስወርድ ጸሎታቸው በዜማ ይሰማል። ሲያበቃ ሁሉም ነጭ ለብሰው ወጡና በደጃፍ ተቀመጡ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ፀጥ ብለዋል፤ ከአንድ ጣሪያ እንኳ ጭስ አይወጣም። አቶ ጌታሁንና ግራዝማች መጡ። አቶ ጌታሁን ሰላምታቸውን ከሩቅ ሰጥተው ትንሽ ተመለከቱና ሰዓታቸውን አዩ። ሾፌሩ መኪናዋን ከላይ መንገዱ ላይ እያሞቀ ነበር።

በዚህ ጊዜ እቴ ትርንጎ ቀና ብላ ወደ ጋራው አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተነሣች። እኛም አየን። ከጋራው አናት ሰዎች ይወርዳሉ። አንድ ሁለት አይደሉም፤ መንገዱን ሞልተውታል። በየትከሻቸው የተሸከሙት ነገር በጧት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ብረት ነው።

በየደጃፉ የነበሩት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ሰበሰቡ። አያ አድማሱ ብቻቸውን ከአጥሩ ፊት ቆሙ፤ በእጃቸው ዱላ እንኳ የለም።

«አላልሁዎትም?» አሉ ግራዝማች ለአቶ ጌታሁን። «ሕዝቡ መረረው። ሊያባርሯቸው መጡ። እርስዎ መኪናዎ ውስጥ ቢገቡ ይሻላል።»

አቶ ጌታሁን ወደ መኪናዋ አየት አደረጉ፤ ግን አልሄዱም። ሄደው ከአያ አድማሱ አጠገብ፣ እንዳይነኩዋቸው ራቅ ብለው፣ ቆሙ። እስከ ዛሬ ሰው ሳከብር መጀመሪያ የምትታወሰኝ ያች ርቀት ናት።

ሰዎቹ ቀረቡ። ከፊት ረጅሙና ቀጭኑ አያ ሞላ ነው። ደርሶ ቆመ፤ የተሸከመውን ብረት ከትከሻው አወረደና ሣሩ ላይ ዘፍ አደረገው።

«የመንግሥቱ ሰው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ትናንት ገበያው አመለጠዎት አሉ። ይኸው ገበያው መጣልዎ። ይህ ማረሻዬ ነው። ይዩት!»

ከዚያ የኋላው ሰው ማረሻውን ከአያ ሞላ ማረሻ አጠገብ አኖረ። ሌላው ማጭዱን። ሌላው መጥረቢያውን፣ ዶማውን። ሴቶቹም ከኋላ ደረሱ፤ እንስራ ያዘለች፣ ድስት ያቀፈች። አንዲቷ «ይህን ድስት ሽሮው ሳይበስል ገልብጬ ነው ያመጣሁት፤ ባሌ ጦሙን ቢውል በመንግሥት ነው!» አለች። ሣሩ ብረትና ሸክላ ብቻ ሆነ።

አቶ ጌታሁን ግራ ገብቷቸው «ዛሬ ሥራ የላችሁም?» ብለው ጠየቁ።

መልሱን የሰጡት የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸውም ከሰዎቹ መካከል ነበሩ። «ጌታው፣ እኛስ በቅዳሜ እናርሳለን እንዴ? እነሱ እሳት ባያነድዱ እኛም በሬ አንጠምድም። ስለ ሌላው ነገር ስንከራከር ብንኖርም በዚህስ አንጣላም።» አሉና መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። «የዚህችን መቋሚያ ብረት ማን የሠራው ይመስልዎታል? እኔ በእሷ ተደግፌ ሌሊቱን ስቆም፣ ሠሪዋ የሚተኛበት መሬት አጣ ሲባል እንዴት ዝም ልበል?»

የአያ አድማሱ ዓይን ከማረሻ ማረሻ ሲሄድ ቆይቶ የአያ ሞላው ላይ ቆመ። «አንተ! ትናንት የሳልሁልህን ዛሬ ድንጋይ ላይ ትጥለዋለህ?»

«ሣር ላይ ነው የጣልሁት!»

«ከሣሩ ሥር ድንጋይ አለ።»

«እንግዲያው ሰኞ ትስለዋለሃ! አንተ ከሄድህማ ማን ይስልልኛል? ግራዝማች?»

የሳቁ ድምፅ ከወንዙ ማዶ ተመልሶ ተሰማ። ያን ጊዜ ነው ከኋላ «ጠብቁን! መንገድ ልቀቁ!» የሚል ድምፅ የመጣው። ሁለት ሰዎች ረጅም እንጨት ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በመካከሉ አንድ ትልቅ ጋን በጠፍር አንጠልጥለው፣ እያለከለኩ ደረሱ። ሁለቱንም አወቅኋቸው፤ የግራዝማች ቤት አሽከሮች ናቸው።

ግራዝማች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። «አንተ ውርጋጥ፣ ይህ የኔ ጋን አይደለም?»

«ነው ጌታዬ» አለ አሽከሩ ላቡን እየጠረገ። «እመቤቴ ናቸው የላኩን። የእንግዳው ጌታ ትናንት ያመሰገኑት ጠጅ የተጣለው በዚህ ጋን ነው፣ ጋኑን የሠራችው ደግሞ ትርንጎ ናት፣ ይህን ንገሩልኝ ብለዋል። ደግሞም ለግራዝማች...» አለና ጌታውን ፈርቶ ዝም አለ።

«ለግራዝማች ምን?» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ትርንጎ ከሄደች ከርሞ ጠጁን በባርኔጣዎ ይጣሉ ብለዋል።»

እንኳን ሌላው፣ መሪጌታም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተንፈቀፈቁ። እቴ ትርንጎ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ግራዝማች መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ፤ ጢማቸውን ጎተቱ፤ ጋኑን አዩት፤ እንግዳውን አዩ። በመጨረሻ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ይች ሴትዮ መቼም አንድ ቀን ትገድለኛለች» አሉና እሳቸውም ሳቃቸውን ለቀቁት። ሳቁ ሲያበቃ «ጌታው፣ የማዶው መሬት መቼም የኔ አይደለም፤ በሬዎቼን አነሣለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ወደ ማዶው መስክ በናፍቆት አየት ማድረጋቸው አልቀረም።

አቶ ጌታሁን ከማረሻዎቹ መካከል ገብተው ተዘዋወሩ። የወንዙን መሙላት የረሱት መሰለኝ። ሲጨርሱ በሁሉም ፊት ጮክ ብለው «መሬቱ የእናንተ ነው። ይህን ያልሁት እኔ ሳልሆን እነዚህ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፤ እኔ ወስጄ አደርሰዋለሁ» አሉ። እልልታው ሲቀልጥ እቴ ትርንጎና ድስቷን ገልብጣ የመጣችው ሴት ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቆመው እኩል ያስነኩት ነበር። አያ አድማሱ ግን ፊታቸውን ወደ ጸሎት ቤታቸው መለሱ፤ ትከሻቸውን ብቻ አየሁ።

ፈቃዱ ከነሐሴ ሳያልፍ ደረሰ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈሬ በፊት ከማዶ የመጀመሪያው ቤት ምሰሶ ቆመ። እንጨቱን ያወረዱት ገበሬዎቹ ናቸው፤ አያ ሞላ ደግሞ ከመሸከም ይልቅ ሲያዝ ይውል ነበር አሉ።

አንባቢዬ፣ ምናልባት «ታዲያ አንቺን ምን ለወጠሽ?» ትል ይሆናል። እኔ የመንግሥት ሥራ ማለት አዋቂ ሰው መጥቶ ለማያውቀው ዕውቀቱን ማካፈል ይመስለኝ ነበር። ያን ጧት ግን ሌላ ነገር ገባኝ፤ መሥሪያ ቤታችን ያመጣው መሬቱን ነው፤ ጉርብትናውን አላመጣም። ጉርብትናው በዚያው ነበር፤ በስድብና በቀልድ ተሸፍኖ፣ ከድንጋዩ ላይ ማረሻ እየተነሣ ስንት ዘመን ኖሯል። የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነበር ያጣው። «ሕዝቡ አይፈልግም» ሲባል «ማነው ሕዝቡ?» ብሎ የጠየቀ ያልተማረው ጎረቤቴ ነው፤ እኔ ግን እንባዬን ብቻ ነበር ያዘጋጀሁት።

አባቴን ባንክ ቤት እንደማልገባ ስነግረው ተቆጣ። የመረጥሁት ትምህርት ከወገኖች ጋር ተቀምጦ ኑሯቸውን ለማሻሻል የሚያዘጋጅ ነው አልሁት። «ደመወዙስ?» አለ። አላውቅም አልሁት፤ እውነትም አላውቅም ነበር። እናቴ በመካከል ገብታ፣ «ተዋት እባክህ። ግራዝማችን በሚስታቸው ያስረታች ልጅ፣ እኔና አንተን መርታት ያቅታታል?» አለችው። አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው። በማግሥቱ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ መኪና አሳፈረኝ።